የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ወፍራም ድምፅ ከየት ይመጣል?

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ አልዘፈነም። ለወላጆች ቀን ካቀረብነው አጭር ዝግጅት በቀር ዓመቱ ያለፈው በማዳመጥ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አንድ ቼሎ ብቻውን አዳራሽ የሚሞላው እንዴት ነው? እኛ ስፒከር ከፍተንም አይሞላልን» አለችኝ። (ቼሎ ከቫዮሊን የሚተልቅ ባለ ክር መሣሪያ ነው።) ክርክሩ ወራት ፈጀ።

መልሱን የጀመርነው አሮጌው ፒያኖ ላይ ነው። (አንዳንድ ቁልፎቹ አይሠሩም፣ ለዚህ ግን ይበቃል።) መሀል ላይ ያለችውን ዶ ድምፅ ሳታሰሙ ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ በግራ እጃችሁ ታች ያለውን ወፍራም ዶ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱና ልቀቁ። ማንም ያልመታት ዶ ስትዘምር ትሰማላችሁ! ሶልን ይዘን ሞከርን፤ እሷም ዘመረች። ከዶ ቀጥሎ ያለችው ጥቁር ቁልፍ ግን ጭጭ።

ምክንያቱም አንድ ክር የሚርገበገበው በአንድ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከወፍራሙ ዶ ፍጥነቶች መካከል የያዝናቸው የዶና የሶል ፍጥነት አለ፤ የጥቁሯ ቁልፍ ግን የለም። የቼሎ ቀጭኑ ክር በሰከንድ 220 ጊዜ ሲርገበገብ 440፣ 660 እና 880ም አብረው አሉ። ጆሯችን ነጥሎ አይሰማቸውም፤ ለድምፁ ቀለም የሚሰጡት ግን እነሱ ናቸው። የእንጨቱ ሳጥን ደግሞ አንዳንዶቹን ያጎላል።

አንድ ተማሪ የአጎቱን በገና ይዞ መጣ። አውታሮቹ ብርኩማው (ደጋፊያቸው) ላይ በሚያርፉበት ቦታ ትንንሽ ቆዳ ስላለ «ዝዝ» ይላሉ። ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ድምፅ ይኸው ነበር።

አዳራሹም መሣሪያ ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን በ1895 እ.ኤ.አ. ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። ሌሊት ሌሊት ከቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቱቦ ድምፅ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካ ነበር። ያን እውቀት ይዞ ያማከረበት የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ተከፈተ፤ ዛሬም ከዓለም ምርጦቹ ይቆጠራል።

እኛም ከየቤቱ ጋቢና ብርድ ልብስ አምጥተን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። የጭብጨባው ማስተጋባት ጠፋ። አብሮ ግን የመዘምራኑም ድምፅ ደረቀብን፤ ግማሹን አወረድን።

በሚመጣው ዓመት ቫዮሊን ለመጀመር አስበናል። ከዚያ በፊት ግን ፒያኖ የሚቃኝ ሰው የምታውቁ ወላጆች ጠቁሙን። ሚ ወደ ሬ እየወረደች ነው።