የፕላትሌት ቁጥር ብቻውን አይበቃም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ደም መፍሰስ የወጣው ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ፕላትሌቶች (ደም እንዲቆም የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) በተጎዳ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ ሳያነሳ ማለፉ ትልቅ ክፍተት ይመስለኛል። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሲጎዳ ከሥሩ ያለው ኮላጅን የተባለ ክር መሰል ነገር ይገለጣል፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የተባለ ረጅም ፕሮቲንም ኮላጅኑ ላይ ይያዝና፣ ደም በፍጥነት በሚያልፍባቸው ጠባብ ሥሮች ውስጥ የፍሰቱ ኃይል ሲስበው ተዘርግቶ የሚያልፉትን ፕላትሌቶች እንደ መንጠቆ ይይዛቸዋል። እነርሱም በመጀመሪያ እየተንከባለሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ቀጥሎ ቅርጻቸውን ለውጠው አጥብቀው ይለጠፋሉ።

ይህ ፕሮቲን ካነሰ ወይም በሚገባ ካልሠራ፣ የፕላትሌት ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ባለው ጤናማ መጠን ውስጥ እያለም ደም አልቆም ሊል ይችላል። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ዊልብራንድ እ.ኤ.አ. በ1926 በፊንላንድ ኦላንድ ደሴቶች በሚኖር ቤተሰብ ላይ አጥንቶ የገለጸው በሽታ ይኸው ነው። በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ወንድንም ሴትንም ይይዛል፤ ሆኖም በወር አበባና በወሊድ ምክንያት በሴቶች ላይ ይበረታል። ከመጠን ያለፈ የወር አበባ «የእናቷም እንዲሁ ነበር» ተብሎ መታለፉ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያ አባባል ራሱ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው መረጃ ነውና።

ስለዚህ ነስር የሚደጋግመው ወይም ጥርስ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ያለው ሰው፣ የደም ቆጠራው ደህና ነው ቢባልም የቤተሰቡን ታሪክ ጠቅሶ ተጨማሪ ምርመራ እንዲጠይቅ፣ ሐኪም ሳያማክርም አስፒሪን እንዳይወስድ ዓምዳችሁ እንዲያሳስብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ