ለባሕር ዳር ሰዎች፣ የዘገየ ምስጋና

ያኔ አቅቶኝ ነው እንጂ ይህን መልእክት ልጽፍላችሁ የሚገባኝ በ2010 ዓ.ም. ነበር።

ከጅግጅጋ የወጣነው ሐምሌ 28 ቅዳሜ ዕለት በተነሳው ግርግር ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ። እኔም ለዓመታት ምግብ የሸጥኩባትን ቤት በሯን እንኳ ሳልዘጋ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ያተረፈችን ሶማሌ ጎረቤቴ ናት። ሁለት ሌሊት ከልጆቿ ጋር አስተኝታ፣ ሻይ በወተት እያጠጣች ደበቀችን። ስሟን የማልጽፈው ለእሷው ብዬ ነው፤ እሷን ሳላነሳ ግን ሌላውን ማመስገን አይሆንልኝም።

እህቴ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ትኖር ነበር። አንዲት ክፍል ቤቷ ላይ አምስት ሆነን ደረስንባት። ዝናቡ ደግሞ አይጣል ነው። እንደኛው ተሰደው ዘመድ ፍለጋ የመጡ ሌሎች ቤተሰቦችም ነበሩና የሰፈሩ ሰንበት ተማሪዎች አዳራሻቸውን ለቀቁልን። ከየቤቱ ብርድ ልብስ እየለመኑ አመጡ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስፈራ የመጣሁት ሳህን ይዞ መሰለፍን ነው። ሰው ሳበላ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ልጆቼ ተሰልፈው ሲበሉ ማየት እንዴት እንደምችል አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፍንም። እናቶች ከቅዳሴ ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሶባቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ። አስቀምጠው አይሄዱም። እነሱም እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሱም፣ እጃቸውን ታጥበው ከእኛው ጋር ቁጭ ይላሉ። ትንሿ ልጄ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ምግብ እንቢ ብላኝ ነበር። አንዷ እናት እንጀራውን በሽሮ ጠቅልለው "በሞቴ" አሏት። ዞር ብላ እኔን አየችና ጎረሰች። "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ሲሰጧት እሱንም ጎረሰች። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዘጌ በጀልባ የመጣ ቡና በኬሻ ያስገቡልን አባት ስማቸውን እንኳ አልነገሩንም። የቡሄ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው የሰበሰቡትን ሙልሙል አምጥተው ልጆቼ ፊት ዘረገፉት። እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ።

አሁን ደግሞ ስለ እማማ ልናገር። ሙስሊም ናቸው፣ ቤታቸው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ጾም መሆኑን ያውቃሉ፤ ዘይትና ስኳር ሲያመጡ እንኳ "ይህ ይፈቀዳል?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ነሐሴ 15 የእሳቸው አረፋ ሆነ። በበዓላቸው ቀን፣ ቤታቸው በእንግዳ ተሞልቶ፣ በግ እየጎተቱ መጡ። "የእኛ ዛሬ ነው፣ የእናንተም ፍስክ ደርሷል። ራሳችሁ ባርካችሁ እረዱት" አሉን።

ትልቁ ልጄ ጅግጅጋ ላይ የሆነውን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። በልቡ ምን ይዞ ያድግ ይሆን እያልኩ የምፈራው ለእሱ ነበር። ገመዱን ከእማማ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ጉልበታቸውን ሲስም እኔ አላዘዝኩትም። ያን ሌሊት ተነስቶ ተነስቶ ለበጉ ጎመን ሲያበላ አደረ።

ዛሬም አባይ ማዶ ነኝ፣ እንጀራ እጋግራለሁ። ልጆቼ ተምረዋል፣ ትንሿም አሁን እንቢ የምትለው ምግብ የለም። እናቶቼ፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ የዘጌው አባት፣ እማማ፣ ክበሩልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከአዳራሹ ስንወጣ ባለቤቱ ያልታወቀ መሶብ እኔ ጋ ቀርቷል። ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ክዳኑ ጫፉ ላይ ትንሽ ተተርትሯል። የእርስዎ ከሆነ ይምጡና ይውሰዱ፤ ባዶውን ግን አልመልሰውም።