ሊኑክስ ላይ ዳያል አፕ እምቢ የሚለው በሞደሙ ምክንያት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ሊኑክስ ጥሩ ነው፤ ግን ኢንተርኔት አይገባለትም» የሚለው አባባል፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተደወለ (በዳያል አፕ) ይገባ በነበረበት ዘመን በየኮምፒውተር ጥገና ቤቱ እንደ እውነት ተይዞ ነበር። ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት) የጫነ ሰው ሞደሙ (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) አልደውል ሲለው ማሽኑን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ዲስኩ ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ ተመልሶ ይጫንለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ይዞት በገባ ቫይረስ ሰነዱን አጥቶ እንደገና ይመጣ ነበር። ይህ ድካም ሊቀር የሚችል ድካም ነበር። በስልክ መስመር ለመገናኘት የሚያስፈልገው ፕሮግራም ከኡቡንቱ 8.04 ሲዲ ጋር አብሮ ይመጣል፤ እንቅፋቱ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካችው ካርድ ላይ ነው።

ሞደም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራውን ራሱ ይሠራል፤ ዳታውን ወደ ድምፅ፣ ድምፁን መልሶ ወደ ዳታ የሚለውጠው ቺፕ በላዩ ላይ አለ። ሁለተኛው ዊንሞደም የሚባለው ሲሆን፣ ዋጋው እንዲረክስ ያ ቺፕ የተቀነሰበት ነው። ስሌቱን የሚሠራለት የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ አምራቹ የጻፈው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከሌለ ካርዱ ባዶ ሰሌዳ ማለት ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ደግሞ ድራይቨሩን ለዊንዶውስ ብቻ ጽፈው አሠራሩን ሳይገልጡ ቀሩ። መርካቶም ሆነ ፒያሳ በርካሽ ይገዙ የነበሩ የፒሲአይ ካርዶች (ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰኩ)፣ ላፕቶፕ ውስጥ የነበሩትም ጭምር፣ በብዛት የዚህ ዓይነት ነበሩ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ካርቶኑን ያንብቡ። ዊንዶውስን ብቻ የሚጠራና ቢያንስ ይህን ያህል ፍጥነት ያለው ፔንቲየም ፕሮሰሰር ያስፈልጋል የሚል ከሆነ ይተዉት። በዶስም (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት) ይሠራል የሚል ከሆነ ሥራውን ራሱ የሚሠራው ዓይነት መሆኑ አይቀርም። ከሁሉ የሚታመነው ግን ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጠው፣ የራሱ አዳፕተር ያለውና በሲሪያል ገመድ ከማሽኑ ጀርባ የሚሰካው ነው። አንድ ቢሮ አሮጌ ነው ብሎ ያወጣው በሰከንድ የ33.6 ኪሎቢት ሲሪያል ሞደም፣ ለሊኑክስ ተጠቃሚ ከአዲስ የ56 ኪሎቢት ካርድ ይበልጥበታል።

ካርዱ ቀድሞ የተሰካ ከሆነ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ (lspci) ብለው ይጻፉ (ትእዛዞቹ ሁሉ በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ)። ሞደሙ «ሲሪያል ኮንትሮለር» ተብሎ ከተዘረዘረ ደስ ይበልዎ። «ኮሙኒኬሽን ኮንትሮለር» ወይም «ሞደም» ከተባለ ዊንሞደም ሳይሆን አይቀርም። ያኔ የቺፑን ሠሪ ስም ይዩ። ለስማርት ሊንክና ለሉሰንት ቺፖች በነፃ የሚገኝ ድራይቨር ነበር። ለኮኔክሳንት ቺፖች ሊኑክሳንት የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀው ነበር፤ ነፃው ግን ከ14.4 ኪሎቢት አያልፍም ነበር፤ ሙሉውን በኢንተርኔት በክሬዲት ካርድ መግዛት ያስፈልግ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያኔ እዚህ አገር ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነበር። ሌላም ጣጣ አለ። ድራይቨሩ ከከርነሉ (ከሊኑክስ ዋናው አካል) ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 8.04 ከርነሉ 2.6.24 ነው፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩም እንደገና መሠራት አለበት። ኢንተርኔት ለማስገባት የሚያስፈልገውን ፋይል ከኢንተርኔት ማምጣት ስለሚሆን፣ በሌላ ማሽን አውርዶ በፍላሽ ማመላለስ ነው። ለምን ይደክማሉ? ካርዱን ነቅለው ሲሪያል ሞደም ያግኙ።

ሞደሙ ከተገኘ ቀሪው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ተርሚናል ላይ ሱዶ ፒፒፒኮንፊግ (sudo pppconfig) ይበሉ፤ ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው፤ በጥያቄና መልስ ይመራዎታል። ለግንኙነቱ የሚሰጠውን ስም፣ ፕሮቫይደር የሚለውን፣ አይቀይሩት። ለዲኤንኤስ (የገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ለሚለውጠው) «ዳይናሚክ»፣ ለማረጋገጫው «ፓፕ» የሚለውን ይምረጡ። የተሰጠዎትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ፍጥነቱን 115200 ላይ ይተዉት፤ ይህ በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው እንጂ የስልኩ ፍጥነት አይደለም። ወደብ (ሞደሙ የተሰካበትን ቀዳዳ) ሲጠይቅ ራሱ ይፈልግ፤ ካጣው ዊንዶውስ ኮም1 የሚለው እዚህ ቲቲዋይኤስ0 (/dev/ttyS0)፣ ኮም2 ደግሞ ቲቲዋይኤስ1 (/dev/ttyS1) መሆኑን አስታውሰው ይጻፉለት። ከዚያ ለመደወል ፖን (pon)፣ ለመዝጋት ፖፍ (poff) ነው። የሆነውን ሁሉ ለማየት ፕሎግ (plog) ይበሉ። ኡቡንቱን ሲጭን ከተመዘገበው ሰው ሌላ የሚጠቀም ካለ፣ ዲአይፒና ዳያልአውት ወደሚባሉት ግሩፖች ካልገባ አይፈቀድለትም።

ሲደውል ጆሮዎን ይስጡት። መጀመሪያ የስልኩ መስመር ድምፅ፣ ቀጥሎ የቁጥሮቹ ድምፅ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ጥሪ፣ ከዚያ ረዥም ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ የሚያሽካካው ጩኸት ይሰማል፤ በመጨረሻም ጸጥ ይላል። ጸጥታው መገናኘቱን ያበስራል። ጩኸቱ ሳያልቅ እየተመላለሰ ከቆየና ፕሎግ «ኖ ካሪየር» ካለ መስመሩ ጥራት የለውም። በዚያው መስመር ላይ የተቀጠሉትን ሌሎች ስልኮች ነቅለው፣ ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ያምጡ። ከመነሻውም ሳይደውል «ኖ ዳያልቶን» ካለ ገመዱ «ፎን» በሚለው ቀዳዳ ተሰክቶ ይሆናል፤ «ላይን» በሚለው ይሁን። መሥሪያ ቤት ውስጥ የውስጥ ስልክ ላይ ከሆኑ ድምፁ ስለሚለይ ሞደሙ አያውቀውም። ፒፒፒኮንፊግ ውስጥ ሞደም ኢኒት የሚለው መስመር ላይ ኤቲዜድን (ATZ) አጥፍተው ኤቲኤክስ3 (ATX3) ይጻፉ። የውጭ መስመር በ9 የሚገኝ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት 9 እና ሁለት ኮማ ያስገቡ፤ እያንዳንዱ ኮማ ሁለት ሰከንድ ያስጠብቀዋል።

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ከተገናኘ በኋላ ገጽ አልከፍት ሲል ነው። ፒንግ 4.2.2.2 (ping 4.2.2.2) ብለው ይሞክሩ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ ማሽን ይመልስ እንደሆነ መጠየቅ ነው። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ዲኤንኤስ ስለሆነ «ዳይናሚክ» መመረጡን ይመልከቱ። መልስ ካልመጣ ፕሎግን ያንብቡ፤ ነባሩን ዲፎልት ራውት (ዳታው የሚወጣበትን ዋና መንገድ) አልተካም የሚል ቃል ካለ፣ የኔትወርክ ካርድዎ ቀድሞ መንገዱን ይዞታል ማለት ነው። ሱዶ ራውት ዴል ዲፎልት (sudo route del default) ብለው እንደገና ይደውሉ። «8-ቢት ክሊን» አይደለም የሚል ከመጣ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ስም በጽሑፍ እየጠበቀ ነው፤ ማረጋገጫውን ከፓፕ ወደ ቻት ይለውጡት።

ስለ ሂሳብ አደራ የምለው አለ። ፋየርፎክስን መዝጋት ስልኩን አይዘጋም፤ ደቂቃው ይቆጠራል። በኢቲሲ ስር ፒፒፒ፣ በፒፒፒ ስር ፒርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፕሮቫይደር የሚባለውን ፋይል (/etc/ppp/peers/provider) በሱዶ ከፍተው አይድል 300 (idle 300) የሚል መስመር ይጨምሩበት። 300 ሰከንድ ምንም ዳታ ካላለፈ ራሱ ይዘጋዋል። ኡቡንቱ በራሱ ማሻሻያ መፈተሹንም ያጥፉበት፤ ካልጠፋ እርስዎ ሳያውቁ መስመሩን ሥራ ላይ ያቆየዋል። 1 ሜጋባይት በ33.6 ኪሎቢት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ትልቅ ፋይል ሲያወርዱ ደብሊው-ጌት ሰረዝ ሲ (wget -c) የሚለውን ትእዛዝ ከተጠቀሙ መስመሩ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። የኡቡንቱን ሲዲ ራሱን ግን በስልክ አይሞክሩት፤ 700 ሜጋባይቱ ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ 2 ቀን ሙሉ ይፈጃል። የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሺፕኢት በተባለ አገልግሎቱ በኩል ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥርን በትክክል መሙላት ብቻ ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ