ያረጀ ቆርቆሮና ጣውላ ለጫጩት ቤት፤ የድጋፍ ጥሪ

በኩታበርና በደሴ ዙሪያ ላላችሁ፣ ከወሎ ርቃችሁም ለምትኖሩ ወገኖቻችን፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ቅሬያችን (ዕድራችን) በሰፈሩ ላሉ 20 እማወራዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 25 ጫጩት የሚይዝ የውጭ ቤት ሊሠራ ተነስቷል። ከሁሉ በፊት የምንለምናችሁ በየጓሮው ዝናብ የሚመታውን ዕቃ ነው።

እዚህ ደጋ ላይ ጫጩት ላባ ሳያወጣ ቀን ጭልፊት ይነጥቀዋል፣ ማታ ሸለምጥማጥ ይገባበታል፣ ሐምሌ ሲመጣ ብርዱና እርጥበቱ ይጨርሰዋል። ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ቤት አያቆመውም፤ ለእሱ ክትባት ያስፈልጋል። ሌላውን ግን በደንብ የተሠራ ቤት ይመልሳል።

ቤቱ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ሆኖ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቆማል። 60 ሳንቲ ሜትሩ ድፍን ማደሪያ ነው፤ ቀሪው ፀሐይ የሚገባበት፣ በሽቦ የታጠረ መዋያ። ፊቱ 80፣ ጀርባው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው ውሃው ወደ ኋላ ይወርዳል። ለአንዱ ቤት 3 ቆርቆሮ፣ 18 ሜትር ያህል ሞራሌ ወይም ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ለወለልና ለግድግዳ ጣውላ፣ 1 ኪሎ ሚስማር ይበቃል። ለ20ው ሲባዛ 60 ቆርቆሮና 360 ሜትር እንጨት ነው።

የተበሳ ቆርቆሮ አትጣሉ። ቀዳዳውን አንዱን በሌላው ላይ ደርበን ወይም በሬንጅ እንደፍነዋለን። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ስለዚህ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪም ስጡን፦ ክቡ ቁራጭ በሚስማሩ ራስ ሥር ይገባል፣ ረጅሙ ደግሞ የበር ማጠፊያ ይሆናል። ቆርቆሮ ሌሊት ከውስጥ ያልባል፤ ጠብታው ጭዱን እንዳያርሰው ከሥሩ ካርቶን ወይም ሰሌን እንወጥራለን። የረጠበ ጉዝጓዝ ደም የሚያስቀምጠውን ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ ይጠራል።

ዋናው ሥራ ማደሪያው ነው። ግድግዳው ድርብ ሆኖ በመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ጭድ የሞላ ከረጢት ዝቅ ብሎ ይጋደማል። ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው ይሞቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። አንድ ላይ ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ማዕዘኖቹን በካርቶን ማክበብ ግድ ነው፤ ጥግ ላይ ሲደራረቡ ከታች ያለው ይታፈናል። ነፋስ በማይመታው በኩል፣ ከጣሪያው ሥር 5 ሳንቲ ሜትር መተንፈሻ ይቀራል። ከሰል ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱም እሳቱም ይገድላል።

በገንዘብ የምንገዛው ሽቦውን ነው። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ ጫጩቱ ይሾልካል፣ የሸለምጥማጥ እጅም ይገባል። ዓይኑ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ለአንድ ቤት 3፣ በድምሩ 60 ካሬ ሜትር ያስፈልገናል። አጎበር አታምጡ፤ በአንድ ሌሊት ይቀደዳል። የተረፈ የወንፊት ሽቦ ያለው ግን፣ ግማሽ ሜትርም ቢሆን፣ ይጠቅመናል። ጠርዙን በቀጭን ጣውላ ደርበን ስለምንመታው ቁርጥራጭም ይሠራል።

የማንቀበለውም አለ፦ የተባይ መድኃኒት የያዘ ከረጢት፣ የሞተር ዘይት የጠጣ ጣውላ፣ አሮጌ ቀለሙ የሚላጥ እንጨት። ጫጩት ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል።

ያረጀ የድንኳን ሸራ ያላችሁ ቅሬዎች ለዝናብ መጋረጃ ብትሰጡን ትልቅ ውለታ ነው። አናጢዎች መጋዝና ጉጠት ይዛችሁ በደቦው ኑልን፤ ባለ ጋሪና ባለ ባጃጅ በማመላለስ ያግዘን። ዕቃውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቅሬው ዕቃ ቤት እንረከባለን፤ የሽቦውን መዋጮ ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይቀበላል። ጣሪያው ሰኔ ሳያልቅ መመታት አለበት።