የስፔስ ሳይንስ ክበብ በ2016 ዓ.ም.

ዘንድሮ ክበባችን ዜና ሲከታተል ነው የከረመው። እቅዳችን የውሃ ሮኬት መሥራት ነበር። ኅዳር 11 ሰሜን ኮሪያ በሦስተኛ ሙከራዋ የስለላ ሳተላይት ምሕዋር ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደቡብ ኮሪያም የራሷን በአሜሪካ ሮኬት ከካሊፎርኒያ አመጠቀች። ልጆቹ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ እኔም ፈቀድኩላቸው።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ጃፓንና አሜሪካ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ መረጃ ወዲያው ለወዲያው መለዋወጥ ጀመሩ። «እስከ ዛሬስ? አንድ ወገን አይደሉም እንዴ?» አለች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የየራሳቸው የመከላከያ ስምምነት አላቸው፤ በመካከላቸው ግን ጃፓን ኮሪያን ቅኝ የገዛችበት ዘመን ቁስል ገና አልሻረም።

ይህን በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ላብ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ደረደርን። ሴኡል፣ ቶኪዮ፣ መሀል ላይ ዋሽንግተን። ሴኡል ቅርብ ናት፣ ሚሳይሉ ሲነሳ በራዳር ታያለች። የጃፓን ራዳር ግን መሬት ክብ ስለሆነች ከፍ እስኪል አያየውም። የአሜሪካ ሳተላይቶች ደግሞ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው የሞተሩን ሙቀት ይለያሉ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው የተጻፈበት ወረቀት ከሴኡል ተነስቶ የግድ በዋሽንግተን በኩል እንዲያልፍ አደረግን፤ ቶኪዮ እስኪደርስ በስልኬ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። ሦስቱም አንድ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ስናደርግ 35 ሰከንድ። ሚሳይል ከሰሜን ኮሪያ ጃፓን ለመድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ያቺ አንድ ደቂቃ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ምድር ቤት የምትወርድባት ናት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ጥር ላይ አፍንጮ በር የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጎበኘን። አንድ ተማሪያችን በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመቱትን ቅድመ አያቱን ፎቶ ይዞ መጣ፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የክረምት ካፖርት ለብሰዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ኮሪያ ለልጆቹ ሩቅ አገር መሆኗ ቀረ።

ግንቦት 19 የሰሜን ኮሪያ ሌላ ሳተላይት ገና እየወጣ ሳለ ፈነዳ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። አስቆምኳቸው። እዚያም ማዶ የሚፈራ ሕዝብ አለ፤ የሦስቱ ጥምረት በጠነከረ ቁጥር ፒዮንግያንግም ሌላ ሮኬት ታዘጋጃለች። በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን፣ አልተስማማንም።

የጠረጴዛው ልምምድ በመስከረም ይደገማል። ለፒዮንግያንግና ለቤጂንግም ወንበር ይኖራቸዋል፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።