ለአባባ፦ ስለ ኮስታ ሪካው ጉዞ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፦

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱን ሸሽተው ለብቻዎ ኮስታ ሪካ ሊከርሙ ያሰቡትን ነገር በስልክ ከማቆራረጥ ጽፌ ብልክልዎ ይሻላል ብዬ ነው። ብቻዎን መሄድዎ አያሳስበኝም፤ አገሩ ለብቸኛ መንገደኛ አይከብድም። ያሳሰበኝ የቦታዎቹ ዝርዝር ነው። በሁለት ሳምንት ስድስት ቦታ አዳርሳለሁ ማለት ሻንጣ ሲያስሩና ሲፈቱ መክረም ነው። ሁለት ቦታ ይበቃል።

አገሩ በካርታ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ መንገዱ ግን ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። ከዘረዘሯቸው ቦታዎች ላ ፎርቱና (አሬናል እሳተ ገሞራ ሥር ያለችው ከተማ) እና ሞንቴቬርዴ ካርታው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በመኪና ሲኬድ ግን የአሬናልን ሐይቅ መዞር፣ ከዚያም ኮረኮንቹን ዳገት መውጣት ስላለ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደግሞም ሞንቴቬርዴ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የጉም ደን ነው፤ እርስዎ ሊከርሙ ባሰቡባቸው ወራት ነፋሱ ያንገላታል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ መንደሩ ውስጥ እንኳ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ብርድ ሸሽቶ ብርድ ውስጥ መግባት ምን ይባላል? ይሰርዙት።

ጊዜውን ፌብሩዋሪ ቢያደርጉት እመርጣለሁ። በፓስፊክ በኩል ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ደረቅ ወቅት ነው፤ የገናና የአዲስ ዓመት ግርግርም እስከዚያ ያልፋል። ላ ፎርቱና ግን ወደ ካሪቢያን በሚያዘነብለው ተዳፋት ላይ ስላለች በጃንዋሪ ዝናብ አያጣትም፤ እሳተ ገሞራውም ቀናት ሙሉ ደመና ለብሶ ሊውል ይችላል። ፌብሩዋሪ ሻል ይላል። በሰሜን ምዕራብ በፓስፊክ ዳር ያለውን ጓናካስቴን ብዙ ሰው ያሞግሰዋል፤ በደረቁ ወቅት ግን ዛፎቹ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፣ ነፋሱም ይበረታል። ለምለም ደን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። በካሪቢያን ዳር ያለውን፣ ሰው ኤሊ ለማየት የሚሄድበትን ቶርቱጌሮንም ይተዉት፤ አረንጓዴዎቹ ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ቢሆንስ? የመጀመሪያውን ሌሊት አላሁዌላ ይደሩ፤ ሁዋን ሳንታማሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያው ነው እንጂ ሳን ሆሴ መሃል አይደለም። ማምሻውን ደርሰው በዚያው ሌሊት ወደ ተራራ መንገድ አይውጡ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው ላ ፎርቱና ይግቡና አምስት ሌሊት ይቆዩ። ቀሪውን ጊዜ በፓስፊክ ባህር ዳር ባለው ማኑኤል አንቶኒዮ ፓርክ አካባቢ ያሳልፉት። መኪና ተከራይተው እንዳይነዱ። ከሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን መንገድ ሹፌር ያለው መኪና ይያዙና ካራራ ብሔራዊ ፓርክ ላይ እንዲያቆም አስቀድመው ይስማሙ። እዚያ ለዊልቸር ጭምር የተሠራ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ደልዳላ መንገድ አለ፤ ጉልበትዎ አይጎዳም። ቀይ ማካው የሚባሉት ትልልቅ በቀቀኖች አመሻሽ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየጮኹ ወደ ባህሩ ዳር ማንግሮቭ (በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደን) ሲያልፉ ይታያሉ። አጠገቡ ያለው የታርኮለስ ድልድይ ላይ ቆመው አዞዎቹን ቢያዩም ሻንጣው መኪና ውስጥ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር።

ቀንዎን በፀሐይዋ ይቁጠሩት። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ምሽት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው። ወፉም ጦጣውም የሚንቀሳቀሰው እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ደኑ ጸጥ ይላል፤ በእኩለ ቀን የሚገባ ሰው ላቡን አፍስሶ ቅጠል ብቻ አይቶ ይመለሳል። ማልደው ይውጡ፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይረፉ፣ አመሻሽ ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ትንሽ ይንሸራሸሩ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አይርሱ።

ቢያንስ ለመጀመሪያው ጠዋት አስጎብኚ ይቅጠሩ። ሌላውን ወጪ ቢቆጥቡ ይህን አይቆጥቡ። ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ በዓይን ምንም የማይታይበት ዛፍ ላይ እንስሳ ያሳያሉ። ስሎዝን (ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ዘገምተኛ እንስሳ) ለብቻዎ ሊፈልጉ ከሆነ ደግሞ ጉዋሩሞ የሚሉትን ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ዛፍ ይለዩ። ከቅርንጫፎቹ መገናኛ ላይ ግራጫ ድቡልቡል ነገር ካዩ ትንሽ ይጠብቁ፤ ሲያክክ ይታያል። ጸጉሩ ላይ አልጌ ስለሚበቅል አረንጓዴ ይመስላል። ባለ ሦስት ጣቱ ዝርያ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ለመጸዳዳት ብቻ ነው መሬት የሚወርደው፤ ስለዚህ ዓይንዎ ወደ ላይ ይሁን። እጅዎ ግን የትም እንዳያርፍ፤ ግንድም ሆነ የመንገድ ዳር መደገፊያ ከመያዝዎ በፊት ይመልከቱ፣ ትንሽ እባብ ወይም ክፉ ጉንዳን ሊኖርበት ይችላል። ጫማዎንም ጠዋት ጠዋት አራግፈው ያጥልቁ። ባይኖኩላር ከገዙ 8 በ42 የሚለው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ያወዛውዘዋል። ከኤሲ ክፍል እንደወጡም ወዲያው አይክፈቱት፣ መስተዋቱ ላብ ይይዛል፤ ከነማኅደሩ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

የማኑኤል አንቶኒዮ ፓርክ ማክሰኞ ዝግ ነው። ትኬቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል፤ የመግቢያ ሰዓትም ስላለው በር ላይ ደርሼ እገዛለሁ አይበሉ። ቦርሳዎ ውስጥ ምግብ እንዳይኖር። ጦጣዎቹና ራኩን የሚባሉት ትንንሽ አውሬዎች ዚፕ መክፈት ያውቁበታል፤ እንስሳትን መመገብም ክልክል ነው።

ባህሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠንቅቅዎ። እዚያ ሰው የሚሞተው በእባብ ወይም በአዞ ሳይሆን ይልቁንም ወደ ውስጥ በሚጎትት የውሃ ጅረት ነው። ማዕበሉ ግራና ቀኝ ሲሰበር መሃል ላይ ጸጥ ብሎ ጠቆር ያለ መስመር ካዩ፣ ያ የተረጋጋ የመሰለው ቦታ ነው አደገኛው፤ ዳርቻው ላይ የተከመረው ውሃ ወደ ባህር የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። ከወሰደዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ አይችሉትም። ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ፣ ሲለቅዎ ወደ መሬት ይመለሱ። ካቃተዎ ተንሳፈው እጅዎን ያውጡ። የሕይወት አድን ሠራተኛ ከሌለበት ቦታ ግን ከጉልበት በላይ አይግቡ።

አሁን ስለ ጤና። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣ ወይም በዚያ ያለፈ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ቀደም ሲል ተከትበው ከሆነ ካርዱን ይፈልጉት፤ ከ2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካልተከተቡ ግን ዕድሜያቸው ከ60 ላለፈ ሰዎች ክትባቱ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳይወጉ። ለወባ ትንኝ የለመዱት የማታ ጥንቃቄ እዚህ አይበቃም፤ የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው። ዲት የሚባለው ትንኝ አባራሪ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበትን ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያው ከደረቀ በኋላ ከላይ ይቀቡ። ድንገት ትኩሳት ከያዘዎ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ደንጌ ከሆነ መድማትን ያባብሳል። ለልብ የሚወስዱት አስፕሪን ካለ እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚደረግ ከመሄድዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

የደም ግፊት መድኃኒትዎ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ውስጥ ሲነሱ ሊያዞርዎ ይችላል። በዕድሜ ጥም ቶሎ አይሰማም፤ ስለዚህ ሳይጠማዎ ይጠጡ። የቧንቧ ውሃው በአብዛኛው ቦታ ይጠጣል። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ለአንድ ሳምንት ትርፍ አድርገው በእጅ ቦርሳ ይያዙት። አውሮፕላን ውስጥ በየሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ይንቀሳቀሱ፣ እግር የሚያጠብቀውን ረጅም ካልሲ ያድርጉ።

ክፍል ሲይዙ ምድር ቤት መሆኑን፣ ከመግቢያው እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ሎጆች ተዳፋት ላይ የተሠሩ ናቸው። አነስተኛ ማረፊያዎች ውስጥ ውሃው የሚሞቀው በራሱ በሻወሩ ራስ ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ውሃው ከቀዘቀዘብዎ ቧንቧውን አብዝተው አይክፈቱ፤ ቀነስ ሲያደርጉት ነው የሚሞቀው። ማስተካከያውን ውሃው እየፈሰሰ፣ በእርጥብ እጅ አይንኩት።

ስለ ገንዘብ ብዙ የሚባል የለም። ዶላር በየቦታው ይቀበላሉ፣ የተቀደደ ግን አይወስዱም። ምግብ ቤት ሒሳቡ ላይ 13 በመቶ ታክስና 10 በመቶ አገልግሎት ስለሚጨመር ተጨማሪ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ኢንሹራንሱን ሲገዙ ግን ዋጋውን ትተው ቀደም ሲል ስለነበረ ሕመም የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

አደጋ ቢያጋጥም 911 ነው። ሆቴሉም ሹፌሩም በዋትስአፕ ስለሚጻጻፉ ስልክዎ ላይ አስቀድመን እንጭነዋለን። ማታ ማታ ክፍልዎ ሲገቡ አንድ መልእክት ይላኩልኝ፤ ፎቶም ቢሆን ይበቃል። ትኬቱን ከመቁረጣችን በፊት የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የፓስፖርቱ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃም ጽፈው ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ