ከጦሳ የሚወርደው ውሃ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ያው የምታውቂው ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከቀትር በኋላ ደጁን ሸፍኖት ይውላል። የጭቃውን ቤት አፍርሰን ጂ ፕላስ ዋን እናቁም ያልሽውን ቤተሰቡ ሁሉ ሰምቶታል፤ እናትሽማ ከአሁኑ የመጋረጃ ቀለም እየመረጠች ነው። እኔ ከመጋረጃው በፊት የማነሣው ጉዳይ አለኝ። በስልክ ጀምሬው ካርዱ እያለቀ ስላስቸገረኝ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ደሴ ሜዳ የላትም፣ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሃል ለመሃል ቦርከና፤ ከተማዋ በዚህ ሸለቆ ውስጥ እንደ መቀነት ረዝማ ነው ያደገችው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሐረጎን ቁልቁል ተጠማዝዘሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ 1,850 ሜትር አካባቢ ነሽ፤ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሆንም። አውሮፕላን ማረፊያውም፣ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ወደዚያ የወረዱት ሜዳ ፍለጋ ነው። ለደሴ የቀረላት ዳገቱ ነው፤ ሰው ሲበዛም የሚሠራው ወደ ዳገት እየወጣ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አድርገዋት የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍን ሲያሠሩ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ ዳገቱ የባሕር ዛፍና የግጦሽ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን ደበደባት፣ ሚያዝያ 7 ጦሩ ገባ፤ ቀጥሎ መንገዱ መጣ። ፒያሳ የሚለውን ስም የተዉልን እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የደሴ ሕይወት በዚያ አንድ መንገድ ዙሪያ ሆነ፤ አራዳው፣ ሰኞ ገበያው፣ ሸዋ በሩ። እስከ 1990 ድረስ ደግሞ የአሰብ ተሳቢ መኪና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ እየገባ፣ ከፊሉ ሐረጎን እያቃሰተ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። ወደቡ ሲዘጋ ያ ድምፅ ጠፋ፤ አሁን የምትሰሚው የባጃጅ ጥሩምባ ነው። የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነቷም ቀርቶ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ይኼን ታውቂዋለሽ፣ አላረዝመውም።

የማታውቂው የውሃውን መንገድ ነው። በክረምት ከጦሳ የሚወርደው ውሃ ቦርከና የሚደርሰው በብዙ ትንንሽ ቦዮች ነበር። እነዚያ ቦዮች በጋ ላይ ደረቅ ስለሆኑ ሰው መተላለፊያ ያደርጋቸዋል፣ ልጆች ይንሸራተቱባቸዋል፤ ቆይቶ ክፍት ቦታ መስለው አጥር ይታጠርባቸዋል፣ ከዚያም ቤት ይሠራባቸዋል። ውሃው ግን አልተሰረዘም። ቦታው የድሮ ቦይ መሆኑን ለማወቅ የሚቀለው ዘዴ ይኸውልሽ፤ ዋናው መንገድ ላይ ቁሚና ከአስፋልቱ ሥር የሚያሳልፈውን ቱቦ ፈልጊ። መሐንዲስ ቱቦ የሚቀብረው ውሃ በሚወርድበት ላይ ነው። ከቱቦው አፍ ተነሥተሽ ዳገቱን በቀጥታ ወደ ላይ ውጪ። መስመሩ ላይ የሚገጥምሽ ግቢ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ያማረ ግንብ አጥር ይኑረው፣ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። የእኛ ግቢ ከእንዲህ ዓይነቱ መስመር ወደ ደቡብ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ነው። ክፉ አይደለም፣ ግን የሚያዝናና ርቀትም አይደለም።

ሁለተኛው የተለወጠው ነገር ከቦኖ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ በእንስራ፣ ኋላም በጀሪካን ከቦኖ በሚመጣበት ጊዜ አንድ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን፣ 40 ሊትር፣ ካገኘ ጥሩ ነበር። እሱም ለምግብና ለመጠጥ ይውላል፣ የተረፈው እጣቢ ደጅ ተደፍቶ በፀሐይ ይደርቃል። ዛሬ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሻወር አለ፣ ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት አለ፣ ማጠቢያ ማሽን ያለውም አለ። ይህ ሁሉ ውሃ የሚገባው እዚያው ግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ዳገቱ ላይ የፍሳሽ መስመር የለማ። ስለዚህ ድሮ በክረምት ብቻ ይርስ የነበረው አፈር አሁን በጋ ከክረምት ይርሳል። ከታች ያለው ጎረቤት ግድግዳው ጥር ላይ ሲያልበው «ምንጭ ወጣልኝ» ይላል። ምንጭ አይደለም፣ ከላይ ያለው ሰውዬ ሻወር ነው።

አሁን ወደ ጭቃው ቤት ልምጣ። አይፍረስ ብዬ አልከራከርሽም፣ እንዴት እንደቆመ ግን እወቂው። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ በበጋ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ፣ ጥላ ሥር የደረቀ። መሬት ውስጥ የሚገባው 60 ሴንቲ ሜትር ያህሉ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይቀበራል። ምስጡም ብስባሴውም የሚጀምሩት ከመሬቱ ገጽ አንድ ስንዝር ከፍና ዝቅ ብሎ ነው፤ እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ነውና። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በአግድም ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት ያህል እንዲቦካ ይተዋል፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረበት እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ሲለሰልስና ጭቃው መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። የቸኮለ ሰው በማግስቱ ይመርግና ግድግዳው ሲደርቅ ይፈረካከስበታል። ምርጉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ደርቆ፣ ስንጥቁን ሁሉ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ልስኑ በእበትና በተነፋ አፈር የሚከተለው። ይህ ሁሉ በጅጌ ነበር የሚሠራው፤ ሠፈሩ ይረግጣል፣ ባለቤቱ ያበላል። ዛሬ ጭቃ ረጋጭ በቀን ሒሳብ ነው፣ እሱም ከተገኘ።

የጭቃ ቤት ትልቁ ጸጋ ቀላልና ተለማጭ መሆኑ ነው። መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቤቱ ይጎብጣል፣ ምርጉ ይሰነጠቃል፣ አንድ ባልዲ ጭቃ ይዘሽ ትደፍኚዋለሽ። ኮንክሪት አይጎብጥም። እስከሚችለው ይችልና ይሰበራል፤ ያኔ በባልዲ የሚደፈን ነገር የለም።

ደሴ ውስጥ አዲስ ቤት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ኤክስካቫተር ይመጣል፣ ዳገቱን በላይኛው በኩል ይቆርጣል፣ የቆረጠውን አፈር ወደ ታችኛው በኩል ይገፋዋል፤ በግማሽ ቀን ደልዳላ ሜዳ ይሆንልሻል። ሰው ሁሉ ይደሰታል። ግን ግማሹ ቤት ባልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ ትናንት በተደፋ ሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ ሁለት ክረምት ሲጠጣ ይሰምጣል፣ ቤቱም ከመሃሉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በሙሉ ባልተነካው መሬት ውስጥ ይግባ፣ ለታችኛው በኩል ቁፋሮው ጥልቅ ቢሆንም። ወለሉ ሥር ሙሌት የግድ ካስፈለገ 20 ሴንቲ ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ፣ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁት። አንዴ ገልብጦ ከላይ መርገጥ ማታለል ነው።

በላይኛው በኩል የተቆረጠው ደግሞ ደጋፊ ግንብ ይፈልጋል። ይህ ነው ሰው የሚቆጥብበት፣ ክረምት ላይ የሚናደውም ይህ ነው። ግንቡን የሚጥለው አፈሩ ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ለ3 ሜትር የድንጋይ ግንብ ግርጌው ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሂድ። ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከታች እስከ ላይ ጠጠር ይሞላ፤ ተቆፍሮ የወጣውን አፈር እንዳይመልሱበት። በየ1.5 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቧንቧ ይቀመጥ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ። ግንበኞች ቧንቧውን ይተክሉና ከጀርባው ጠጠር ሳያደርጉ በአፈር ይደፍኑታል፤ ከፊት ስታዪው ቀዳዳው አለ፣ ክረምቱን ሙሉ ግን ጠብታ አይወጣውም። ሐምሌ ላይ ውሃ የማያወጣ ቀዳዳ ካየሽ ግንቡ ሆዱን እየነፋ ነው ማለት ነው። ቡኬቱ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አራት ሳጥን አሸዋ፣ ሳጥኑም 50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በአካፋ መቁጠር የለም። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠው ይተዉት፤ ከላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከሠራ ይመለስ።

የጣሪያውን ሒሳብ አንቺው ሥሪው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ነው፤ አሥራ አምስት በርሜል። የድሮው ቆርቆሮ ጠብታውን በዙሪያው ያከፋፍለው ነበር፣ የአሁኑ ጣሪያ ሰብስቦ በአንድ ቧንቧ ይለቀዋል። ያ ቧንቧ መሠረቱ ሥር ወይም የታችኛው ጎረቤት ማዕድ ቤት ላይ ከወረደ ጠቡ ከዘመድ ጠብ ይብሳል። አሸንዳው በሲሚንቶ በተለሰነ ቦይ እስከ ዋናው መውረጃ ይድረስ፤ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ እንዳያስገቡት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ።

ቦርከና ዳር ቦታ በርካሽ አለ የሚልሽ ዘመድ ካለ ከአሁኑ አብሽር በይውና ተይው። ወንዙ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይቆፍራል። ጋቢዮን፣ ማለት ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ እንሠራለን ይሉሻል፤ ጋቢዮኑ ሁለቱም ጫፉ ወንዙ ዳር ውስጥ ገብቶ ካልተቀበረ ውሃው ዞሮ ከጀርባው ይገባና ሽቦውን ከነድንጋዩ ብቻውን መሃል ወንዝ ላይ ያስቀረዋል።

መሬታችን ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት የምናየው አለ። ግቢው ጀርባ ያሉት ባሕር ዛፎች ግንዳቸው ከሥሩ ተቆልምሞ ከዚያ ቀጥ ያለ ከሆነ አፈሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ኖሯል ማለት ነው። እነዚያን አይቻለሁ፣ ቀጥ ያሉ ናቸው። ድንጋይ አጥሩ ላይ ግን በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ስንጥቁን አሻግሬ መዳፍ የምታህል ጄሶ በሦስት ቦታ እለጥፍና ቀኑን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። ጄሶ አይለጠጥም፤ መሬቱ በፀጉር ያህል እንኳ ቢሄድ ይሰነጠቃል። መስከረም ላይ ሦስቱም ደህና ከሆኑ ስንጥቁ የድሮ ነው፣ እንሠራለን። ሁለቱ ከተሰነጠቁ የአፈር መሐንዲስ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሳያይ አንድ ድንጋይ አናስቀምጥም።

እንግዲህ ብሩን እንዲህ አድርጊው። ሥራው የሚጀመረው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው፣ መሬቱ ጠጥቶ ሲጨርስ። በልግ የካቲት ላይ ሊመጣ ስለሚችል ደጋፊ ግንቡና ቦዩ እስከ ጥር መጨረሻ ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትልኪው ብር ለግንቡ፣ ለጠጠሩና ለቦዩ ብቻ ይሁን፤ ብረትና ብሎኬት አትግዙ በይ፣ ቢረክስም። አንድ ክረምት እንዲያልፍበት እንተወው። የቤቱ መሠረት በሚቀጥለው ጥቅምት ይቆፈራል፤ የቀረውን ብር እስከዚያ እዚያው ባንክሽ አቆይው።

አላህ ይጠብቅሽ።

አባትሽ፣ ከደሴ